አባቴ ሁሉን ነገር ሁለት ያየበት ክረምት

በዚያ ክረምት እጄ ላይ የነበረው ትልቁ ሥራ የአንድ ወጣት ዘፋኝ ክሊፕ ነበር። የሳንሱሲ ልጅ ነው፤ ክሊፑም የተቀረጸው እዚያው ሰፈሩ፣ ያላለቀ ፎቅ ጣሪያ ላይ ነው። ቀረጻው ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን አልበቃውም። ስልኩን አውጥቶ የሌሎችን ሥራ እያሳየኝ የእሱም ፊት እንዲሰነጠቅ፣ ከጠርዙም ቀይና ሰማያዊ እንዲፈስ ፈለገ።

የሚለው ገብቶኛል። ስክሪን ላይ የምናየው ምስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተደራርበው የሚሠሩት ነው። በልኩ ሲገጥሙ ሰው ሰው ይመስላል። ቀዩን ትንሽ ወደ ግራ፣ ሰማያዊውን ትንሽ ወደ ቀኝ ሲጎትቱት ግን ጠርዙ ይላቀቅና የተበላሸ ቴሌቪዥን የሚያዩ ይመስላል። ጣጣው ያለው መጠኑ ላይ ነው፤ ሲያንስ አይታይም፣ ሲበዛ ራስ ያዞራል። እኔ በትንሹ አድርጌ እልክለታለሁ፣ እሱ «ጨምሪበት» ብሎ ይመልስልኛል።

የምሠራው አየር ጤና፣ ከአባቴ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ድሮ የጨርቅ ማስቀመጫ ነበረች። ሥራ ስጀምር አባቴ ጨርቆቹን ወደ ቤት አስወስዶ፣ ግድግዳውን ራሱ ቀብቶ ሰጠኝ። ከአንድ በኩል የጋራዦቹ መዶሻ፣ ከሌላው የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይገባል። መብራት ሲጠፋ የእኔ ሥራ ይቆማል፤ የአባቴ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ግን መሄዱን ይቀጥላል። ያኔ ደጃፌ ላይ ቆሞ ይስቅብኛል። ኤዲቲንግ ማለት ቪዲዮ እየቆረጡ መቀጠል ነው ብዬ ከነገርኩት ወዲህ ደንበኞቹን «እሷም እንደኔው ቆራጭ ናት» እያለ ነው የሚያስተዋውቀኝ።

አባቴ ሙሉ ልብስ ሰፊ ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ሙያውን እዚሁ ተማረ፤ እስከ ዘነበወርቅ ድረስ ስንቱን ሙሽራ አልብሷል። ሰው ገና በሩን ሲያልፍ የትከሻውን ልክ በዓይኑ ይወስዳል፤ ሜትሩን የሚያወጣው ለወጉ ያህል ነው።

በዚያ ክረምት ግን ጨርቅ መቁረጡን ሱቁ ውስጥ አብሮት ለሚሰፋው ባልደረባው ተወለት። እሱ መተኮስና ከደንበኛ ጋር ማውራት ብቻ ያዘ። እናቴ ሻይ ስኒው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲቀዳ አየችው። እኔም ታክሲ ስንሳፈር እጁን ወደ በሩ እጀታ ሰዶ ባዶ አየር ሲጨብጥ አየሁት። ስንጠይቀው «ደክሞኝ ነው» ይላል። ስኳር ስላለበት እኛም በስኳሩ አሳበብን። መነጽር ገዛንለት፤ ኪሱ ከትቶት ይዞራል እንጂ ዓይኑ ላይ አያደርገውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደንበኛ ጠፋና ወደ ክፍሌ ገባ። የዘፋኙን ፊት አንድ ቦታ ላይ አቁሜ ቀለሞቹን እያላቀቅኩ ነበር። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን አየ። ወትሮ እንደገባ ነው የሚያወራው።

«ይሄ ሰውዬ ለምን ሁለት ሆነ?» አለኝ።

እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግኩት አልኩት።

«ሆን ብለሽ?»

አዎ፣ ዘንድሮ እንዲህ ነው የሚወደደው አልኩት። «እስቲ መልሺው» አለኝ። መጠኑን ወደ ዜሮ መለስኩት። ቀዩና ሰማያዊው ተሰብስበው ገቡ፤ የልጁ ፊት ጥርት ብሎ አንድ ሆነ።

«መልሺው እንጂ።»

«መለስኩት እኮ አባ።»

«አሁንም ሁለት ነው» አለ።

የቀለደ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት። የወንበሬን መደገፊያ አጥብቆ ይዟል፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። ተነስቼ አስቀመጥኩት። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ስጠይቀው ክረምቱ ሲገባ አካባቢ መሆኑን ነገረኝ። አንድ ጠዋት ሲነሳ የመኝታ ቤቱ በር ሁለት ሆኖ ጠበቀው። ለማንም አልተናገረም። አባቱ፣ የእኔ አያት ማለት ነው፣ በስተርጅናው ሁለቱም ዓይኑ ጠፍቶ በሰው እጅ እየተመራ ነበር የኖረው። አባቴም የእኔ ተራ ደረሰ ብሎ ጨርሷል። ይህን ሲነግረኝ አማርኛው መሀል ጉራጊኛው እየገባበት ነበር፤ ሲደነግጥ እንደዚያ ነው። ለእናትሽ እንዳትነግሪ አለኝ።

ፈርቻለሁ። የማውቀውን ሥራ ያዝኩ። የምታየውን አሳየኝ፣ ልክ እሱን ላስመስለው አልኩት። ቀለሞቹን መልሼ ሳላቅቃቸው ጭራሽ አራት ሆነብኝ አለና አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። እጁን ሳያወርድ ቆየ።

«ስሸፍነው ልክ ይሆናል» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሌላኛውን እንዲሸፍን ነገርኩት። እሱንም ሸፈነ። አሁንም አንድ ፊት ብቻ፣ ጥርት ያለ። ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልሞከረውም ነበር፤ መሞከሩን ራሱ ፈርቶታል።

«ታዲያ አልጠፉማ» አልኩት። «ሁለቱም ያያሉ። አልተስማሙም እንጂ።»

ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። እኔ የማየው እንዲህ ቀለም የለውም አለኝ፤ ቀለሙን አጥፍቼ አንዱን ፊት በሁለት ግልባጭ ጎን ለጎን ደረብኩት። ሁለት ዓይኑን ገልጦ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ያያል፣ ከዚያ አንዱን ሸፍኖ ስክሪኑን ያያል፣ ያመዛዝናል። «አርቂው። በዛ፣ መልሺ። እዚያ ጋ ያዢ።» ሰው ላይ ኮት ለክቶ መርፌ ቁልፍ ሲሰካ የሚናገረው እንዲህ ነው። ወደ ግራ ሲያይ ሁለቱ እንደሚራራቁ፣ ወደ ቀኝ ሲያይ እንደሚቀራረቡም ነገረኝ። ፊቱ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ክፍተቱ እየሰፋ እንዲመጣ አደረግኩት። አይቶ ሲጨርስ «ይሄው ነው። በቃ ይሄ ነው» አለ። ለሰው መናገር ያቃተውን ነገር ሌላ ሰው ሲያየው እፎይታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። አጭር ቪዲዮ አድርጌ ስልኬ ላይ ጫንኩት። ማታ ለእናቴ ያሳያት ራሱ ነው።

በማግስቱ ሦስታችን የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቪዲዮውን አይታ ፈገግ አለችና ደግማ ከፈተችው። ከዚያ የራሷን ምርመራ ቀጠለች፤ አንዱን ዓይን እየሸፈነች፣ ጣቷን በዓይኑ እያስከተለች፣ ጠብታ አድርጋ ውስጡን እያየች። ስለ ስኳሩም ጠየቀችው። መድኃኒቱን አንዳንዴ እንደሚዘለው የዚያን ቀን ነው የሰማነው። እናቴ መሬት መሬት አየች።

አባቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዓይኔ ይጠፋል ወይ ዶክተር?»

«ዓይንዎ ደህና ነው አባባ» አለችው። «የግራ ዓይንዎን ወደ ውጭ የሚያዞረው ነርቭ ነው ስኳሩ ያደከመው። ስኳሩን ከተቆጣጠሩት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ይመለሳል።»

እስከዚያው አንዱን ዓይን እንዲሸፍን ነገረችው። ስንወጣ አባቴ ደረጃው ላይ ቆሞ መሀረቡን አወጣ፤ ፊቱን የጠረገው ጠብታው ነው እያለ ነው።

በዓይን መሸፈኛው ደንበኞቹ ብዙ ሳቁበት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። በአንድ ዓይን ክር ማስገባት ስለሚያስቸግረው እኔ እየሄድኩ አስገባለት ነበር። መድኃኒቱን እናቴ ፊት ይውጣል። ሐኪም ቤት ከመሄዱ ሌላ በየሳምንቱ ወደ ክፍሌ እየመጣ «እስቲ ለኪኝ» ይለኛል። የሁለቱን ፊቶች ርቀት አብረን እናስተካክላለን። ባለፈው ከነበረበት ትንሽ ሲጠብ እጁን ያሻሻል። ያልጠበበ ሳምንትም ነበር፤ ያን ቀን ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

የዘፋኙን ሥራ ግን እንደ በፊቱ ልሠራው አልቻልኩም። ልጁ ሲመጣ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ዘፈኑ ውስጥ የት እንደሚሄድ የጠፋው ሰው ያለበት ቦታ ላይ ብቻ እናድርገው፣ በሌላው ቦታ ሰው ፊትህን ጥርት ብሎ ይየው አልኩት። ተከራከረኝ፤ ሰው ይሰለቻል አለ። ድምፃችንን ሰምቶ የመጣው አባቴ ባለመሸፈኛ ፊቱን በበሩ አስገብቶ «ሁልጊዜ ከሆነ ሰው ይታመማል፣ እኔን እይ» አለው። ልጁ ሳቀ፣ ከዚያም ሁለቱንም ዓይነት አየና ያልኩትን መረጠ። ክሊፑ ከወጣ በኋላ ፌርማታው ላይ ወረፋ የያዘች ተማሪ በስልኳ ስታየው፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ መልሳ ስትደግማት አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በእሱ በኩል ሌሎችም መጥተውልኛል፤ መጠኑን ለእኔ ይተዉልኛል።

ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው ደርቆ አቧራ መሆን ሲጀምር አባቴ መሸፈኛውን አውልቆ ወደ ክፍሌ ገባ። ፊት ለፊት ያለው ሁሉ አንድ ሆኗል። ወደ ግራ ጥግ ሲያይ ገና ትንሽ ይላቀቃል፤ ሐኪሟ እሱም ጊዜ ይፈልጋል ብላዋለች። ነይማ አለኝና ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ተከተልኩት። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ሱፍ ጨርቅ ዘርግቷል፤ ባልደረባው ወንበሩን ለቆለት ግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። አባቴ በጠመኔ አሰመረ፣ ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየና መቀሱን ከፈተ።

መቀሱ ጨርቁን እየበላ ሄደ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቁራጩን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አቀረበውና ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው።

«በይ» አለኝ፣ ቀና ሳይል፣ «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»