ሴት ያልረገጠቻት ደሴት

ትናንት ጠዋት ታንኳዬን ላደርቃት ከሐይቁ እየጎተትሁ ሳለ በመሸንቲ በኩል ያለው ሰው ወደ ባሕር ዳር ጎረፈ። ጣልያን «አርበኛ አሳድራችኋል» ብሎ መንደራቸውን አቃጥሎታል። አንዷ ሴት ግማሽ ፀጉሯ ተቃጥሏል።

«የት ላድርሳችሁ?» አልኋት።

«ጥይት ወደማይደርስበት።»

የደንገል ታንኳ ውኃ ከጠጣች ፀሐይ ላይ ሳትሰነብት ሰው አይጫንባትም። ከአባቴ ጀምሮ እንጀራችን ነው፣ አሳምሬ አውቃለሁ። ግን አራት ሴቶችና አንድ አዛውንት ውኃ ውስጥ ገብተው ሲለምኑኝ እምቢ ማለት አቃተኝ... ጫንኋቸው።

መሃል ስንደርስ የጣልያን ሞተር ጀልባ መትረየሷን እያንጣጣች መጣች። አዛውንቱ «እመቤ...» እንዳሉ ተመትተው ውኃው ውስጥ ወደቁ። ልናወጣቸው ሞክረን ነበር፣ ጭንቅላታቸው ተከፍሏል። ታንኳዋም እየሰመጠች ነው... ተውናቸው።

ቅርባችን ያለችው የወንዶች ገዳም ደሴት ናት። አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ ዳር ላይ ቆመው በእጃቸው ከለከሉን።

«ልጄ፣ ሴት አትወርድም። ይህችን ምድር ሴት ረግጣት አታውቅም።»

«አባ፣ እየሰመጥን ነው። አንድ ሰውም ገድለውብናል።»

«አይቻለሁ» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ።

እኔ እስላም ነኝ፣ በሰው ገዳም ሕግ አልገባም። ግን ደሜ ፈላ። የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድሁባቸው።

ለካስ ታንኳ ሊያመጡ ነው የሄዱት... ከአንድ ወጣት መነኩሴ ጋር ደረቅ ታንኳ ተሸክመው መጡና እስከ ደረታቸው ውኃው ውስጥ ገቡ።

«መሬት ሳይረግጡ ከዚያች ወደዚች ይሻገሩ» አሉኝ።

በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዙልን። ሦስቱ ሴቶች ተሻገሩ። አራተኛዋ እግሯን ስታነሳ ያቺ ጀልባ ከደሴቲቱ ጀርባ ብቅ አለች። ሽማግሌው መነኩሴ ደረታቸውን ተመቱ። ታንኳዋን ግን አልለቀቋትም... ጣታቸውን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

ጀልባዋ ሌሎች ታንኳዎችን ስታይ እነሱን ልታሳድድ ዞረች።

ሴቶቹ ማንንም አልጠየቁም። አራቱም ውኃው ውስጥ ዘለሉ። ሽማግሌውን ሁለቱ በብብታቸው፣ ሁለቱ በእግራቸው ይዘው ተሸክመዋቸው ደሴቲቱ ላይ ወጡ። ወጣቱ መነኩሴ ሊናገር አፉን ከፈተ... ከዚያ መንገድ እየመራ ፊት ፊታቸው ሄደ።

ሴት ገዳም ረገጠች የሚለኝ ካለ ይምጣ... እኔ ያየሁት ልጆች አባታቸውን ሲያነሱ ነው።