የቦጂያ ክርን

ቦጂያ ሽጉጥ ታጥቆ አሥራ አንድ ዓመት ሲቆም አንድም ጥይት ተኩሶ አያውቅም። ከሰበታ ወደ ዓለም ገና በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የምስማር ፋብሪካ የዋናው በር ጠባቂ ነው። በሩ የተተከለው ድሮ ገብስ ይዘራበት በነበረው ማሳ ላይ ነው፤ መሬቱ ሲወሰድ ከካሳው ሌላ የተሰጠው ይኸው ሥራ ነበር። እንግዲህ ቦጂያ ለሰው የሚጠብቀው የገዛ እርሻውን ነው፤ ይህን ነገር አብዝቶ ማሰብ አይወድም።

በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት መስፋፋት በመቃወም «ማስተር ፕላኑ ይቅር» የሚለው ሰልፍ ከቡራዩ ሱሉልታ፣ ከሱሉልታ ሰበታ ሲዛመት፣ ሥራ አስኪያጁ ኤርምያስ እንቅልፍ አጣ። ጥበቃዎቹን ሰብስቦ፣ «በአንድ ወር ውስጥ ፈተና አለ። ከአምስት ጥይት ሦስቱን ዒላማ ላይ ያላሳረፈ፣ ሽጉጡንም ዋናውን በርም ይሰናበታል» አለ። ለማሠልጠን ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃ ተክሉ ተቀጠሩ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ፈላ። ቦጂያ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በቀኝ እጁ እንደያዘ፣ ሥራ ሲጀምር እንደለመደው «በስመ አብ» ብሎ ማማተብ ጀመረ። አፈሙዙ ከግንባሩ ወደ ደረቱ ወርዶ ወደ ግራ ትከሻው ሲዞር፣ በዚያ በኩል የቆሙት ጥበቃዎች መሬት ላይ ተዘረሩ፤ ወደ ቀኝ ሲሻገር ሃምሳ አለቃው ራሳቸው ቦይ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ቦጂያ ዓይኑን ጨፍኖ ተኮሰ። ዒላማው ደህና ነበር፤ የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ግን ተበሳ።

«ኦቦ ቦጂያ» አሉ ሃምሳ አለቃው አፈራቸውን እያራገፉ፣ «ጸሎቱን አልከለክልዎትም፤ ግን በልብዎ ያድርጉት። በስመ አብ ሲሉ ትንፋሽዎን ይሳቡ። ወወልድ ሲሉ ግማሹን ያስወጡና የቀረውን ይያዙት። ወመንፈስ ቅዱስ ሲሉ ምላጩን ቀስ አድርገው ይሳቡ፤ እንዳይመነጭቁት። ዓይንዎ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ባለችው ጉብታ ላይ ይሁን፤ እሷ ጥርት ትበል፣ ዒላማው ይደብዝዝ። ክርንዎም ቀጥ ይበል።»

ቤት ውስጥ አሠልጣኟ ሚስቱ ደጊቱ ሆነች። ባዶውን ሽጉጥ ሲያነጣጥር ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ታስቀምጥለታለች፤ ምላጩን ሲስብ ሳንቲሙ ከወደቀ ቅጣቱ እንጨት መፍለጥ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተፈለጠው ለክረምቱ ተርፎ ለጎረቤት ተዳረሰ። ደጊቱ መሣሪያ ነክታ አታውቅም፤ ጥፋት ግን ከሩቅ ታያለች። «ክርንህ ታጥፏል!» ትላለች፣ ጓዳ ሆና እንኳ። ቀስ በቀስ ሳንቲሙ መውደቁን ተወ፤ በፈተናው ቀንም ቦጂያ አምስቱንም መታ። ኤርምያስ የተበሳሳውን ወረቀት የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ቦጂያም በሩ ላይ ሲመላለስ ደረቱ ቀድሞት ይሄድ ጀመር።

ከፈተናው በኋላ በሦስተኛው ቀን ሰልፉ እስከ በሩ መጣ። ቅጠል የያዘ ሕዝብ መንገዱን ሞላው። ኤርምያስ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ኦቦ ቦጂያ! ያነጣጥሩ! ከቀረቡ ይተኩሱ!» እያለ ይጮኻል።

ቦጂያ ፈራ። ቢተኩስ የሚመታው ሰው ነው፤ ባይተኩስ በሩ ቀረ። እጁ ግን እንደሠለጠነው ተነሣ። በስመ አብ፣ ትንፋሹን ሳበ። ወወልድ፣ ግማሹን አስወጣ። ጉብታዋ ጥርት አለች። ከጀርባዋ ያለው መደብዘዝ ነበረበት፤ ደጊቱ ግን አልደበዝዝ አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ቅጠል ይዛ፣ ከሁሉም ፊት ቆማለች።

ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ያ ቦጂያ!» ብላ በኦሮምኛ ተጣራች፤ «ክርንህ ታጥፏል!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የዚያን እንጨትና የዚያን ክርን ወሬ ያልሰማ ጎረቤት አልነበረማ! ቦጂያ ሽጉጡን አውርዶ ወደ ማህደሩ መለሰው። ሰልፈኛውም እየሳቀ፣ እየዘፈነ ወደ ከተማው አለፈ።

ኤርምያስ ላቡን እየጠረገ ወረደ። «አምስት ከአምስት የመቱ ሰውዬ! ምን ሆነው ነው ያልተኮሱት?»

«ትንፋሼ አልተስተካከለም» አለ ቦጂያ። «ካልተስተካከለ አይተኮስም ብለውናል፣ ሃምሳ አለቃው።»

ሽጉጡ በዚያው ቀን ተወሰደ፤ ቦጂያም ዱላ ተሰጥቶት ወደ ጓሮ አጥር ተዛወረ። በሩን ማጣቱ አንገበገበው። ቤት ሲገባ ደጊቱ ሳንቲሙን በእጇ እያገላበጠች ጠበቀችው።

«ክርንህ ግን እውነትም ታጥፎ ነበር» አለችው።

«ቀጥ ብሎ ነበር» አላት። «የታጠፈው ሳይሽ ነው።»