ዳማው ያመጣው መርዶ

ወንድሜ ሚሊሺያ ሆኖ ሲሄድ ያስረከበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈረሱን። እሱ ታላቄ ነው። ሚስት አላገባም ነበር፤ መሬቱንም አባታችን ከሞተ በኋላ አብረን ነበር የምናርሰው። ፈረሱ ግን የራሱ ነው፤ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ እሱ ነው ያሳደገው። ጋማው ጥቁር የሆነ፣ ገላው ደም የመሰለ ዳማ ነበር።

ተመልማዮቹ የሚሰበሰቡት ላሊበላ ስለነበር እስከዚያ ድረስ ሸኘሁት። እሱ በፈረሱ፣ እኔ በእግሬ። ከተማው ስንደርስ ወረደና ልጓሙን በእጄ አስጨበጠኝ።

«ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ የማስረክብህ ይህንኑ ነው። ስመጣ ከስቶ ባገኘው በሱ ፈንታ አንተን ነው የምጭን።»

«የኔ ጀርባ ገጣባ ነው፤ አልመችህም» አልኩት።

ሳቀ። ትንሽ ከሄደ በኋላ ዞር አለና፣ «የምሬን ነው። ቆሞ ይጠብቀኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁትም። ስመለስ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት፤ የሰው አደራ ላይ መቀመጥ አሳፍሮኝ።

አባታችን ፈረስ ያውቅ ነበር። ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር የታመመ ፈረስ እየሳቡ ያመጡለት ነበር፤ እኔም ሥር ሥሩ እያልኩ ነው የተማርኩት። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ባለቤቱ የሚለውን ቀስ ብለህ ትሰማለህ፤ ግን አታምነውም። መጀመሪያ ፋንድያውን ታያለህ፤ ደርቋል ወይስ ላልቷል፣ ገብሱ ሳይፈጭ ወጥቷል ወይ። ቀጥለህ የጆሮውን ሥር ትጨብጣለህ፤ ቀዝቅዟል ወይስ ግሏል። ከዚያ ጎኑ ቆመህ ትንፋሹን ታዳምጣለህ። በመጨረሻ ምላሱን በጎን በኩል አውጥተህ ትይዝና አፉን እስከ ጉሮሮው ታያለህ። «አፉን ሳታይ ምንም ነገር እንዳትናገር» ይለኝ ነበር አባቴ። እሱ ካለፈ በኋላ ሰዉ ወደኔ ማምጣት ጀመረ።

ወንድሜ ከሄደ አንድ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ተጋመሰ። ደብዳቤ የለም፣ ወሬ የለም። ከቀበሌያችን አብረውት ከሄዱት የሦስቱ መርዶ ግን መጣ። እናቴ በእያንዳንዱ ለቅሶ ላይ ተገኝታ አለቀሰች፤ ስትመለስ ግን ቀጥታ ወደ ቤት አትገባም፤ ዳማውን ሄዳ ትዳብሰዋለች።

ፈረስ ነፋስ በፊቱ ሲመጣ አይወድም። ከቤታችን ጀርባ ካለው ተራራ የሚወርደው ነፋስ ደግሞ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ዳማው ከሰዓት በኋላ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ይቆማል። እናቴ፣ «መንገድ ያያል» ትላለች። እኔ ነገሩን አውቃለሁ፤ ግን አላረምኳትም። እውነት ለመናገር እኔንም ደስ ይለኝ ነበር። ከእኛ ሌላ የሚጠብቅ ሲገኝ ሸክሙ ይቀል ይመስል።

በዚያ ዓመት ገብሱ አማረ። ወንድሜ በውቂያ ጊዜ ከአውድማው አንድ እቅፍ ዛላ አንስቶ ለዳማው ማብላት ልማዱ ነበር። በመዳፉ አሽቶ፣ ያን መርፌ የመሰለ ጢሙን አርግፎ፣ እፍ ብሎ ነበር የሚሰጠው። እኔም እሱ እንደሚያደርገው ላድርግለት ብዬ አንድ እቅፍ ይዤ ሄድኩ። በሬዎቹ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ሰዉም ይጣራል። አላሸሁትም። እንዳለ ጣልኩለት።

በአራተኛው ቀን ዳማው መብላት ተወ። ጭዱን አፉ ውስጥ ያዞረዋል፣ ያዞረዋል፣ ከዚያ እንቁላል የሚያህል ድብልብል አድርጎ ይተፋዋል። ውሃው ዘንድ ስወስደው ከንፈሩን ነክሮ ቀና ይላል። ለሃጩ ይዝረበረባል። ፋንድያውን አየሁ፤ ጥቂትና ደረቅ ነው። ጆሮው አልቀዘቀዘም። ትንፋሹ ደህና ነው። አፉ ቀረኝ። ምላሱን ልይዝ እጄን እንዳስገባሁ እናቴ መጣች።

«ምን እያደረግኸው ነው?»

«አፉን ልየው ነው፣ እማዬ።»

ቀረብ ብላ ፊቱን አየችው። በነጠላዋ ጫፍ ከዓይኑ ሥር ጠረግ አደረገችው፤ ነጠላዋ ረጠበ።

«ያለቅሳል» አለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር። «ልጄ ሞቷል። ይህ ከብት አውቆ ነው እህል የተወው።»

«እማዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ልየው …»

«ተወው! ሐዘንተኛ አፍ በግድ ትከፍታለህ? አባትህ የሞተ ለታ እኔን በግድ አጉርሰኸኝ ነበር?»

እጄን አወጣሁ።

እናቴ አእምሮዋ ተናግቶ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን ባለ ፈረስ ሰው ሲሞት ፈረሱን ኮርቻ ጭነው፣ የሟቹን ልብስ ከኮርቻው ላይ አድርገው በለቅሶው ሜዳ ያዞሩታል። ፈረሱ ሲያለቅስ ያላየ ሰው የለም። እኔም በአባታችን ለቅሶ አይቻለሁ። አቧራው ይሁን ጩኸቱ፣ እንጃ፤ እንባው ግን ይወርዳል። እና ሬሳ ከሌለ፣ ወረቀት ከሌለ፣ ፈረሱ ካለቀሰ፣ ማን ምን ይላል? ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ዳማውን እያየ፣ ደረቱን እየመታ ከቤታችን ተቀመጠ። ነገ አየዋለሁ እያልኩ ዋልኩ። ቤቱ ግን ሰው አላጣም፤ በሰው ፊት አፉን ብከፍተው እናቴን ውሸታም ማድረግ ሆነብኝ።

በሦስተኛው ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መጣ። ያን ሰሞን ለሁለተኛ ጊዜ ሰው እየተመለመለ ነበር፤ ስሜም ከዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ሹክ ብለውኛል።

«ወረቀት መጥቶላችኋል?» አለ።

«አልመጣም» አልኩት።

«ታዲያ በምን አወቃችሁ?»

«በፈረሱ» አለችው እናቴ።

«መንግሥት የፈረስ ወረቀት አይቀበልም እኮ፣ እማማ።»

«አንተንም ሹም ሲያደርግ የተቀበለው ምን ወረቀት አይቶ ነው?» አለች አንዲት አሮጊት ከጓዳ በኩል። በለቅሶ መሀል ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

እሱም ፈገግ አለ፤ ከዚያ ወጥቶ ዳማውን አየው። የአገሩ ልጅ ነው፤ ባየው ጊዜ ባርኔጣውን አወለቀ። ዞር ብሎ ወደኔ ቀረበ።

«አንተ የፈረስ ነገር ታውቃለህ ይላሉ። ንገረኝ፤ እውነት የሚያለቅሰው ለወንድምህ ነው? እውነት ከሆነ፣ አንድ የሞተበትን ቤት ሁለተኛ አንነካም።»

ያኔ ዳማውን ትክ ብዬ አየሁት። እንባው የሚወርደው ከግራ ዓይኑ ብቻ ነበር። ቀኙ ደረቅ ነው። ጉንጩም በግራ በኩል ሞላ ያለ መሰለኝ። ከእግሬ ሥር ያን የተፋውን የጭድ ድብልብል ረግጬ ቆሜአለሁ።

«አዎን» አልኩት። «ለሱ ነው።»

ዝርዝሩንና እስክሪብቶውን አውጥቶ አንድ መስመር ሰረዘ።

ለቅሶው እሑድ ሆነ። ከብልባላ በኩል ሳይቀር ሰው መጣ። ዳማውን እንድስብ የተነገረኝ እኔ ነኝ፤ ከኔ በቀር ማንንም አይከተልም። ልጓሙን ላስገባለት ስል ራሱን ወደ ላይ ወርውሮ አቃሰተ። ፈረስ ሲያቃስት ሰው ይመስላል። ሰዉ ይህን ሲያይ ጩኸቱን አባሰው። የወንድሜን ጋቢ ከኮርቻው ላይ አሰሩና ዞርን። አንድ ዞርን፤ ሁለት ዞርን። በሁለተኛው ላይ እግሩ ይተጣጠፍ ጀመር፤ ልመልሰው ብዬ ቆም አልኩ። አልቃሿ ወደኛ ዞራ ትጣራለች፤ እናቴ ፊቷን እየነጨች ትመጣለች። ሦስተኛውን ጀመርኩ። ከሜዳው መሀል ሲደርስ በጉልበቱ ወረደ፤ ቀጥሎ በጎኑ ተኛ።

«ተከተለው! ጌታውን ተከተለው!» ብሎ ሜዳው ሁሉ ጮኸ።

ጎንበስ ብዬ ልጓሙን አወለቅሁለት። ትንፋሹ ሁለቴ መጣ፤ ሦስተኛው ቀረ። ያኔ ምላሱን በጎን አውጥቼ አፉን አየሁ። በግራ በኩል፣ ከኋለኛው መንጋጋ በላይ፣ አውራ ጣቴ የሚገባበት ጉድጓድ ሆኗል፤ የገብስ ጢም እንደ ችቦ ተጠቅጥቆበታል፤ ሽታው አይነሳ። በሁለት ጣት ስስበው ወጣ። በቁሙ ሳለ ቢሆንም በሁለት ጣት ይወጣ ነበር።

ጢሙን በጭብጤ ያዝኩት። ሰዉ እየመጣ ትከሻዬን እየሳመ፣ «እግዜር ያጽናህ» ይለኛል። እጄን ዘርግቼ መጨበጥ አልቻልኩም።

የወንድሜ ተዝካር ተበላ። እናቴ ጥቁር ለበሰች፤ ግን እንቅልፍ አገኘች፤ መንገድ ማየቷንም ተወች። ልጇን የቀበረች ያህል ልቧ አረፈ። እኔ አልዘመትኩም። በኔ ፈንታ ሌላ ሰው ሄዷል፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለብዙ ጊዜ ሣር ሳጭድ ከኋላዬ የማኘክ ድምፅ ይሰማኛል፤ ይዞር፣ ይዞርና ጥፍት ይላል። ዞር ስል ሜዳው ባዶ ነው። የታመመ ፈረስ ሲያመጡልኝ አክማለሁ፤ አሁን ግን ከሁሉ በፊት አፉን እከፍታለሁ፤ ባለቤቱም ፈረሱ ባሰበት እንዴ ብሎ ይደነግጣል።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ከግቢያችን ካብ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የብልባላ ሰው ነው፤ እግሩን ቆስሎ ከጦሩ የተሰናበተ።

«የባለ ዳማው ቤት ይህ ነው?» አለኝ።

«ነበር።»

እናቴ ውሃ ይዛለት ወጣች። ተቀበላትና ጠጥቶ፣ «ከልጅዎ ጋር ነበርን፣ እማማ» አላት። «ባለፈው ፋሲካ አብረን ነው ጾም የፈታን።»

«አይ ልጄ፣ የኔ ልጅ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ተዝካሩን አውጥተናል።»

«ኧረ እማማ! በሽልጦ ነው የፈታነው፤ ያውም አሮብን፣ እሱ ነው ያሳረረው!»

«ሌላ ሰው ይሆናል። ሰው ከሰው ይመሳሰላል።»

«አገጩ ላይ ውርንጭላ የረገጠው ጠባሳ ያለው፤ ስለ ፈረሱ ካወራ የማያቆም። ሌላ አለ እንዴ እንዲህ ያለ?»

እናቴ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

«ፈረሱ አልቅሶ የለም? ያልከው አንተ አይደለህ? ንገረው እንጂ።»

ሁለቱም አዩኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ እሷም እንድዋሽ ነበር የምትለምነኝ።

«አላለቀሰም፣ እማዬ» አልኩ። «አፉን ነበር ያመመው። የገብስ ጢም ገብቶበት ነው። ያበላሁትም እኔ ነኝ።»

«መቼ አወቅክ?»

«ሲሞት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልረገመችኝም። ዋንጫውን ከሰውየው ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ «አሁን የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችው።

«ስናፈገፍግ ተለያየን፣ እማማ። ከዚያ ወዲህ ያየው አላገኘሁም። ሞቷልም ያለኝ የለ፤ አለም ያለኝ የለ።»

በማግስቱ ጥቁሩን አወለቀች። ካቡ ላይ፣ ሰውየው ከተቀመጠበት ቦታ ተቀመጠች፤ ፀሐይ ቢሆን ዝናብ ከዚያ አትነሳም። እንቅልፏም ሄደ። አንዳንድ ቀን፣ «ምነው ያኔ በተናገርክ» ትለኛለች። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ምነው ዝም እንዳልክ በቀረህ» ትለኛለች። ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ ልብሱ ተቀዳዶ፣ እየለመነ በየመንገዱ ወደየአገሩ ሲጎርፍ እናቴ የእያንዳንዱን አገጭ አየች። በሁለተኛው ዓመት ሞተች።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። በየዓመቱ የነፍስ አባታችን የሙታኖቻችንን ስመ ክርስትና ለጸሎት ሊጽፉ ይመጣሉ። የአባቴን እነግራቸዋለሁ፤ የእናቴን እነግራቸዋለሁ።

«ሌላስ?» ይሉኛል።

«ይቆዩኝ፣ አባ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም ብዕራቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ ጥቂት ይቆዩኛል።