የተሸነፈ ሸንኮራ ያመጣል

ልጄ የለስላሳ ቆርኪ ለቅማ ወደ ቤት ባመጣች ቁጥር ተቀብዬ አጥብላታለሁ። የዝገቱ ሽታ ጣቴ ላይ ሲቀር፣ የሚቃጠል ሸንኮራ ሽታ ተከትሎት የሚመጣ ይመስለኛል። አሁን የምንኖረው አዳማ ነው፤ ያደግሁት ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሸንኮራ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ሳለን ስናነብ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ጋሪ እንንገጫገጭ ነበር። «ስለ» ብለን እንቆማለን፤ ትንፋሽ እንሰበስባለን፤ ከዚያ «መጣች» እንላለን። መምህራችን እትዬ አስቴር ይህን አይተው ጨዋታ ፈጠሩልን። በቆርኪ ላይ «ስለ»፣ «እንደ»፣ «ካል» እያሉ ጻፉ፤ በካርቶን ቁራጭ ላይ ደግሞ እንደ «መጣች» ያለ ሌላ ቃል። የተወረወረው ቆርኪ ካረፈበት ቃል ጋር ተገጥሞ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል፤ የተደናቀፈ ይሸነፋል። እሳቸው ዘንድ የተሸነፈ ለአሸናፊው ያጨበጭባል እንጂ ሌላ ቅጣት አልነበረም። «የተሸነፈ ሸንኮራ ያመጣል» የሚለውን ሕግ ከትምህርት ቤት መልስ ያወጣነው እኛ ነን። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ነኝ።

አራት ሆነን ነበር የምንጫወተው፤ የምትሸነፈው ግን ሁልጊዜ አማረች ናት። አባቷ ሸንኮራ ሊቆርጡ ከከምባታ የመጡ ሰው ናቸው። አፏን የፈታችው በከምባትኛ ስለሆነ ረዘም ያለ የአማርኛ ቃል ያደናቅፋታል። ግን አታለቅስም፣ አታኮርፍም። ቀሚሷን ሰብስባ ማሳው ውስጥ ትገባና ለአራታችን የሚበቃ ይዛ ትመጣለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ሠራተኞች ከካምፓችን ማዶ ባለው ማሳ ዙሪያ ደረቁን ቅጠል ሲጠርጉ አይቻለሁ። የካምፕ ልጅ ሁሉ ትርጉሙን ያውቃል፤ ማሳው ከመቆረጡ በፊት ሊቃጠል ነው፣ የሚጠረገውም እሳቱ እንዳይሻገር ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የማሳው ዘበኛ እሳት ከመለኮሱ በፊት የሚነፉትን ጡሩምባ አንጠልጥለው ወደ ላይኛው ጫፍ ሲሄዱ አየሁ። ዝም አልኩ። በሰፈሩ እንደዚያ ማሳ የሚጣፍጥ ሸንኮራ አልነበረም፤ ነገ ጠቁሮ ፋብሪካ መግባቱ ነው ብዬ ጎመጀሁ።

የአማረች ቆርኪ «ካል» ነበር፤ ያረፈው «ተመለሰች» የሚለው ላይ። «ካል...» አለችና ቆመች። ሳቅንባት። «በይ ሂጂ» አልኳት።

ጡሩምባው የተነፋው እሷ ከገባች በኋላ ነው። ወዲያው ማሳው ከዳር ይንጣጣ ጀመር። የተቃጠለ ቅጠል እየተጠማዘዘ ፀጉራችን ላይ ይወርዳል። ሁለቱ ልጆች ሮጠው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ ብቻዬን ቆሜ ያንን ቃል ሳልደናቀፍ፣ በአንድ ትንፋሽ ደጋግሜ እለው ነበር፤ ካልተመለሰች፣ ካልተመለሰች።

በውኃው ቦይ በኩል ወጣች። እስከ አንገቷ ጭቃ ናት፤ ቅንድቧ የለም፣ የግራ ክንዷ ቆዳ ተልጧል። በቀኝ እጇ አራት ዘንግ ሸንኮራ ይዛለች።

«ተሸንፌ የለ? እንኪ» አለችኝ።

ተቀበልኳት። በላሁትም። ይጣፍጥ ነበር፤ ዛሬም የማፍረው በዚህ ነው።

ጠዋት ያየሁትን አልነገርኳትም። ክረምቱ ሲወጣ አባቷ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ መተሐራ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ስሰማ የሷ ክንድ ትዝ ይለኛል።

ልጄም ስታነብ መሃል ላይ ትቆማለች፤ ስለዚህ እየፈራሁም ቢሆን ቆርኪዎቹ ላይ ጻፍኩላት። ባለፈው ሳምንት ከጎረቤት ልጅ ጋር ሊጫወቱ ሲቀመጡ ቀና ብላ፣ «የተሸነፈ ምን ያመጣል?» አለችኝ። ስለ እኛ ሕግ ማንም አልነገራትም።

«ምንም። እንደገና ያነባል» አልኳት።

«እንደሱማ አይጥምም» ብላ ጓደኛዋን አየት አደረገቻት።

ያኔ በእኛ መሃል የተቀመጠ ትልቅ ሰው አልነበረም። ጉልበቴን እያመመኝ ወለሉ ላይ፣ በሁለቱ መሃል ተቀመጥኩ፤ ጨዋታው እስኪያልቅም አልተነሣሁም።