በመስታወት ሣጥን የተቆለፈው ራዲያተር

ቢሊሴ ያልተሠሩ ሕንፃዎችን ሥዕል በኮምፒውተር እየሠራች ነበር የምትኖረው። በ2005 ዓ.ም. ግድም፣ አዲስ አበባ ከጫፍ ጫፍ ጉድጓድና ክሬን በሆነችበት ዘመን፣ አትላስ አካባቢ ሊፍቱ ገና ሥራ ያልጀመረ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ አፓርታማ ትስላለች፤ በረንዳው ላይ አበባ ትተክላለች፤ ግቢው ውስጥ ውሻቸውን የሚያናፍሱ ፈረንጆች ትጨምራለች። ሥዕሉን ያየ ሰው ይዋዋላል።

አንድ ጊዜ የመዋኛ ገንዳ የሳለችው አያቷ ሽንብራ ይዘሩበት በነበረው የቡልቡላ ማሳ ላይ ነው። ይህን ለቀጣሪዋ ለአቶ እሸቴ አልነገረችም። ብትነግራቸውም «እንግዲያው ሎኬሽኑን በደንብ ታውቂዋለሽ» ከማለት አያልፉም ነበር።

ቢሮው ዙሪያውን መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲዞርበት ሰውም ዕቃም አብሮ ይበስላል። ኮምፒውተሩ አንድ ሥዕል ሠርቶ ለመጨረስ ሰዓታት ስለሚፈጅበት ይግልና ማራገቢያው ይጮሃል፤ ከዚያ እልም ብሎ ይጠፋል። የጠዋቱ ሥራም አብሮት ይጠፋል።

«ጋሼ፣ መጋረጃና አንድ ቬንትሌተር ቢገዙልን» አለቻቸው።

«መጋረጃ? ቦሌን ልንሸፍን? ሰው እዚህ የሚወጣው ቪው ሊያይ ነው!»

አቶ እሸቴ ዱባይ ደርሰው ሲመለሱ ግን በሻንጣቸው ኮምፒውተር በውሃ የሚያቀዝቅዝ ዕቃ ይዘው መጡ፤ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ የቡጢ ያህል ፓምፕ፣ ከመኪና ራዲያተር ያነሰ ራዲያተርና አንድ ጠርሙስ ሰማያዊ ፈሳሽ። ቢሊሴ ከልቧ ደስ አላት። መመሪያውን እያነበበች ሁለት ቀን ሙሉ ወለል ላይ ተንበርክካ ራሷ ገጠመችው። ሠራም። ፈሳሹ ሙቀቱን ከኮምፒውተሩ ልብ እየተሸከመ ራዲያተሩ ጋ ያደርሳል፤ ማራገቢያው ያባርረዋል። በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓት በኋላው ኮምፒውተሩ ሳይጠፋባት አለፈ።

ደስታዋ አንድ ሳምንት ቆየ። አቶ እሸቴ «እንዲህ ያለ ዕቃ ጠረጴዛ ሥር ይደበቃል እንዴ?» አሉና ቁልፍ ያለው የመስታወት ሣጥን በአልሙኒየም አሠሩ። ኮምፒውተሩን ከነራዲያተሩ ከተቱበት፤ ሰማያዊ አምፖል አበሩበት፤ እንግዳ መቀበያው ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት አቆሙት።

«ጋሼ፣ ይሄ አየር ይፈልጋል» አለች ቢሊሴ።

«ውሃ አለው አይደል እንዴ?»

«ውሃው ሙቀቱን ይሸከማል እንጂ አያጠፋውም። መውጫ ካጣ እዚያው ይዞራል።»

«አንቺ ሥዕልሽ ላይ አተኩሪ።»

ቅዳሜ ዕለት ቤት ገዢዎች ተጠሩ። አቶ እሸቴ ሙሉ ልብስ ለብሰው ሣጥኑን መታ መታ አደረጉና «እኛ ዘንድ ኮምፒውተሩ እንኳ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው!» አሉ።

ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ ከፊት የተቀመጡት። «ቤቱስ ውሃ አለው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እንዴታ!»

«እንጃ፤ አሁን እዚህ ሽንት ቤት ገብቼ ከበርሜል በጣሳ ቀድቼ ነው የታጠብኩት።»

ሰው ሣቀ። አቶ እሸቴ ቶሎ ብለው ለቢሊሴ ምልክት ሰጧት። እሷም ከሥዕሎቿ የሠራችውን ፊልም አስጀመረች፤ ካሜራው በአፓርታማው ሳሎን መብረር ጀመረ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የሣጥኑ መስታወት በእጅ የማይነካ ሆነ። ከዚያ በሙቀት የላላ አንድ ቱቦ ከመገጣጠሚያው ወለቀና ሰማያዊው ፈሳሽ ኮምፒውተሩ ላይ ይንፎለፎል ጀመር።

«ቁልፉን!» ብላ ጮኸች ቢሊሴ።

አቶ እሸቴ ኪሳቸውን ዳበሱ። የውስጡንም ዳበሱ። «መኪና ውስጥ ነው» አሉ። መኪናው ስድስት ፎቅ ታች ነው፤ ሊፍት የለም።

ቢሊሴ ሶኬቱን ነቀለች። የእሳት ማጥፊያውን አነሳችና መስታወቱን በአንድ ምት አረገፈችው። ብዙ ወራት ያጠራቀመችው ንዴት ሁሉ እዚያ ምት ውስጥ ነበር፤ ቀለል አላት። ወይዘሮ የሺመቤት ቦርሳቸውን አንስተው «ልጅቷ ጎበዝ ናት» ብለው ወጡ፤ ሌላውም ተከተላቸው።

ሰኞ ዕለት ከሥራ ተባረረች፤ ደብዳቤው «የድርጅቱን ገጽታ በማበላሸት» ይላል። አቶ እሸቴ ሌላ ሣጥን አሠሩ፤ አምፖሉን ወደ ቀይ ቀየሩት።

የተበላሸውን ኮምፒውተር ከነራዲያተሩ ግን ከቆሻሻ ጋር ሊጥሉት ሲሉ ለምና ወሰደችው። ቦሌ ሚካኤል የመኪና ራዲያተር ለሚበይዱት አጎቷ ለጋሽ ደቻሳ አሳየቻቸው። እሳቸው አገላብጠው አዩትና ሣቁ።

«ቢሊሴ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ መኪና ነው! ይሄን ነው ቆልፎ ያስቀመጠው ሰውዬሽ?»

ቱቦውን በሚያጠብቅ ቀለበት አሰሩላት። በተከራየቻት ክፍል ራዲያተሩን በመስኮት አውጥተው ውጭ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ የተቃጠለውን የኮምፒውተር ዕቃ እሷ ቀስ በቀስ ተካች። ሥራውም መጣ፤ ሱቅ፣ ጋራዥ፣ የሰው ቤት ማስፋፊያ።

በዓመቱ የሳለችው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ላይ ቆመ፤ የሰፈሩ እድር ድንኳንና ድስት የሚያስቀምጥበት ባለ አንድ ክፍል መጋዘን። የምርቃቱ ዕለት የእድሩ ዳኛ ሥዕሉን ይዘው መጋዘኑን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«እዚህ ላይ ግድግዳው ያብለጨልጫል፤ ይሄ ለምን አያብለጨልጭም?»

«ቀለም ይግዙ፣ አባቴ» አለቻቸው።