ሃያ ስምንት ዓመት ብዬ የጻፍኩት ሰው

የቀበሌ ጸሐፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት እድሜ መቀነስ እንደ ደግነት ይቆጠር ነበር። መታወቂያ ሊያወጣ ከሚመጣው ሰው የተወለደበትን ዓመት በትክክል የሚያውቀው ከስንት አንዱ ነው። ስለዚህ የምንወስንለት እኔና እስክሪብቶዬ ነበርን። ለዘበኛው ጡረታው እንዲርቅለት፣ ማታ ትምህርት ለምትገባው ሴትዮ እንዳታፍር ብዬ አምስት ስድስት ዓመት ቀነስ አደርጋለሁ፤ እነሱም መርቀውኝ ይወጣሉ። አምቦ ውስጥ ስንት ሰው በኔ እጅ ወጣት እንደሆነ እንጃ። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር፣ ሞኝ!

ሰውየውን ፖሊስ ይዞት የመጣው በሰባዎቹ ማብቂያ ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በጋምቤላ በኩል የገባ ስደተኛ ነበር። በጣም ረጅም ስለሆነ በራችንን ጎንበስ ብሎ ነው የገባው፤ ፀጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። ሚስቱ ጋምቤላ ካለው የስደተኞች መጠለያ በጠና ታማ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተወስዳለች። እሱም ሊከተላት ሲነሳ የተሰጠው የይለፍ ወረቀት እስከ ነቀምቴ ብቻ የሚል ነበር። ነቀምቴን አለፈና አምቦ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ አወረዱት። አዲስ አበባ ለመግባት የቀረው የጥቂት ሰዓት መንገድ ነበር።

ፖሊሱ «ከበላይ መልስ እስኪመጣ በቀበሌው ይቆይ፣ በየሰኞው ይፈርም» የሚል ደብዳቤ አስረክቦን ሄደ። ለአውራጃው ጻፍኩ። አውራጃው ጉዳዩ የክፍለ ሀገሩ ነው አለ። ክፍለ ሀገሩ ደግሞ ስደተኛ የሚመለከተው አዲስ አበባ ያለውን መሥሪያ ቤት ነው አለ። አዲስ አበባ ምንም አላለም።

ማደሪያ የሰጡት ከቀበሌው ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሐጂ የምንላቸው የስልጤ ነጋዴ ናቸው። ሐጂ ቁርአን ቤት የቀሰሟት ጥቂት ዐረብኛ ነበረቻቸው፤ በሷ ተግባቡ። ልብስ ሰፊ መሆኑን ሲነግራቸው በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪና አቀረቡለት። መኪናውን ሲረግጥ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አይቀረው። ከጎጆ ከተማ ብርድ ወርደው ገበያ የሚመጡት ገበሬዎች ካፖርታቸውን ያስጠግኑትና እንደ ትልቅ ሰው «ኦቦ» እያሉ ያመሰግኑታል።

በየሰኞው መጥቶ ይፈርማል። «እህቴ፣ ወረቀት መጣ?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። መጀመሪያ የሚያውቀው አማርኛ ይኸው ነበር። አራተኛው ወር ላይ ግን ከገበሬዎቹና ከሐጂ የለቃቀመውን አሰካክቶ፣ «እህቴ፣ መሄዱ ይቅር። ሞታለች ወይስ ድናለች? እሱን ብቻ ንገሪኝ» አለኝ።

ያን ቀን ምሳዬን መብላት አቃተኝ። አንድ ሰው ሚስቱ በሕይወት መኖሯን ለማወቅ ስንት ማኅተም ያስፈልገዋል? ተናድጄ አንድ ዘዴ አመጣሁ። እንደማንኛውም ነዋሪ የቀበሌ መታወቂያ ካወጣንለት፣ እንደማንኛውም ነዋሪ ይለፍ እንጽፍለታለን። ጎሳው ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለ ነው፤ ጋምቤላ ተወለደ ብል ማን ይከራከረኛል? ሐጂ ዋስ ሊሆኑት ፈቀዱ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ያስቸግረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ነገሩን ሰምቶ ጥቂት አሰብ አደረገና፣ «ማል ጎና! ምን እናደርጋለን እንግዲህ፣ ሰው አይደል እንዴ? መዝግቢው» አለኝ። ይለፉን ሐሙስ እፈርማለሁ አለ። እኔም እንዲህ ደግ ሰው ነው እንዴ ብዬ ሳማው በመኖሬ ጸጸተኝ።

መዝገቡን ከፍቼ እድሜውን ጠየቅሁት። በጣቶቹ ቆጠረና «አርባ አንድ። አርባ ሁለት» አለ።

«ኧረ ምን በወጣህ!» አልኩና ሃያ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ነገ ከነገ ወዲያ ሥራ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል ብዬ ነው። ሐጂ ሲያስረዱት ሽበቱን በመዳፉ ሸፍኖ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ረቡዕ የውትድርናው ኮታ መጣ። ከቀበሌያችን ሰባት ሰው፣ እስከ ሠላሳ ዓመት። ወሬው ቀድሞ ስለነበር ልጆቹ የሉም፤ ገሚሱ ጭልሞ ጫካ፣ ገሚሱ ወንጪ ዘመድ ቤት ገብቷል። የኔም ወንድም ጎጆ አክስታችን ዘንድ ድንች እየቆፈረ ነበር። ስድስት ተገኘ። ሰባተኛውን ከሐጂ በረንዳ፣ ከስፌት መኪናው ላይ አነሱት። የአንድ ገበሬ ካፖርት አንድ እጅጌው ሳይገጠም እዚያው ቀረ።

እየሮጥኩ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ። «ጓድ፣ ሰውየው እኮ ስደተኛ ነው! ደግሞስ ሽበቱን አታየውም?»

መዝገቡን ወደኔ አዞረው። «የጋምቤላ ተወላጅ፣ ሃያ ስምንት ዓመት። ጽሑፉ የማን ነው?» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድምሽ ጎጆ ነው ያለው አይደል? ቦታውን አውቀዋለሁ። ሰባተኛው እሱ ነበር» አለ።

መዝገቡን ዘግቼ ወጣሁ። ፈርቼ ነው ብዬ ብናገር ሰው ይረዳኝ ነበር፤ ግን እውነቱ እሱ ብቻ አይደለም። ወንድሜ በመትረፉ ደስ ብሎኛል። እናቴም ማታውን ሰምታ ለሊቀመንበሩ እድሜ ተመኘችለት።

ሐሙስ ጠዋት ምልምሎቹን የጫነው መኪና ከአደባባዩ ሲነሳ ሄጄ ነበር። ሰውየው ከሁሉም በላይ ይታያል። ሲያየኝ አዲሱን መታወቂያ ከኪሱ አውጥቶ ከፍ አደረገና፣ «እህቴ፣ መኪናው በአዲስ አበባ ያልፋል?» ብሎ ጮኸ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ውሸት አልነበረም፤ ያልፋል። እሱም ተረጋግቶ ተቀመጠ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። የስደተኛው ባለቤት ድና ከሆስፒታል መውጣቷን፣ ባሏንም በመጠየቅ ላይ መሆኗን ገልጾ፣ ሰውየው በአስቸኳይ እንዲላክ የሚያዝ ነበር። ድናለች የሚለውን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። ሐጂ ሱቅ ድረስ ይዤው ሄድኩ፤ እሳቸው ጨርቃቸውን ማጠፍ አላቆሙም፣ ቀና ብለውም አላዩኝም።

ሊቀመንበሩ መልስ ጻፊ አለኝ። «የተጠቀሰው ስደተኛ በቀበሌያችን አይገኝም። በመዝገባችንም ስደተኛ ተብሎ የተመዘገበ ሰው የለም» ብዬ ጻፍኩ። ስሕተት ባገኝበት ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መዝገቡን አመሳከርኩት፤ ልክ ነበር። ማኅተም አስመትቼ በዚያው ቀን በገዛ እጄ ፖስታ ቤት አስገባሁት።