ማንም ያላረደው ዶሮ

ከቢቸና የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ ያለቀሰችው ሻንጣዬ አልዘጋ ብሏት ነው። እኔ ስለምሄድባት መስሎኝ አብሬያት መንፋረቅ ጀምሬ ነበር። ቀና ብዬ ሳያት ሻንጣው ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ዚፑን ትጎትታለች። "ቋንጣው ሳይገባማ የትም አትሄጂ! እዚያ አገር ሥጋው ውሃ ውሃ ነው የሚለው አሉ፤ ጥርስሽ ሥራ ፈቶ ይቀራል" አለችኝ። ጥርሴን ታውቀዋለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ለስላሳውን ሥጋ ለሌላው ትቼ ጅማቱን ፈልጌ የማወጣ ልጅ ነበርኩ። ገንፎ ሲቀርብልኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ተልባን ገና ስሙ ሲጠራ ነው የምሸሸው። ምግብ ሲባል ትንሽ መታገል አለበት ባይ ነኝ።

ዚፑ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ሊሰናበቱኝ መጡ። "ሥጋ እንዳልሰጥሽ የእኔን አትበዪልኝም፤ ቆሎ ግን የሁላችንም ነው" ብለው አንድ ፌስታል ሙሉ ቆሎ ሻንጣው ላይ አስቀመጡልኝ። እናቴ እንደገና አለቀሰች፤ ሻንጣውም እንደገና ተከፈተ።

አገራችንን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በእኛ ዘንድ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙም ሙስሊም ያረደውን ነው የሚበላው። ጠብ የለበትም። እናቴና እትዬ ዘሃራ ልጅ ሲወለድ አብረው አርሰዋል፣ ሰው ሲሞት አብረው ተቀምጠዋል። ዓመት በዓል ሲሆን ግን እናቴ ለእሳቸው ሥጋ ነክቶት በማያውቅ ድስት ሽሮ ትሠራለች፤ እሳቸውም ለኢድ እንደዚያው ያደርጉልናል። እኛ ዶሯችንን ስንበላ እሳቸው አጠገባችን ተቀምጠው ሽሯቸውን ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይመርቃሉ። ልጅ ሆኜ ይህ ነገር አይገርመኝም ነበር።

ቋንጣው ጀርመን ድረስ ደረሰ፤ ከዚያ በላይ ግን አልዘለቀም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጉምሩኩ፣ ጾል ይሉታል እነሱ፣ ሻንጣዬን ከፈተው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ቋንጣ።"

"ቋንጣ ምንድን ነው?"

"ሥጋ ነው፤ ግን ደርቋል።"

"የትኛው ድርጅት ነው ያመረተው?"

"እናቴ ናት።"

"ሥጋ ከውጭ አይገባም። በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።"

"ይህን ሁሉ በርበሬ ችሎ የሚመጣ በሽታ ካለማ እኔም ላየው እፈልጋለሁ" አልኩት በምችለው እንግሊዝኛ። አልሳቀም። ከመጣሉ በፊት አንዷን ልብላ ብዬ ለመንኩት። ጓደኛውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ሌላ ሻንጣ አዞረልኝ። እኔም ወረፋው መሀል ቆሜ አንዲት ዘለላ ቋንጣ ቀስ ብዬ አላመጥኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፤ ግድም አልሰጠኝ። ቆሎውን አገላብጦ አይቶ አሳለፈልኝ።

የገባሁባት ከተማ ትንሽ ናት። አረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ እየሠራሁ እማራለሁ፤ አውስቢልዱንግ ይባላል። አብራኝ ከምትማረው ከሀያት ጋር አንዲት ቤት ተከራየን። የመጀመሪያ ቀን "ከየት ነሽ?" ስላት "ከሞጣ" አለችኝ፤ እኔም "ከቢቸና!" ብዬ ተጠመጠምኩባት። አገር ቤት ሆነን ቢሆን ኖሮ ሞጣማ ሩቅ ነው ብዬ አልፋት ነበር። እዚህ ግን ከአንድ ማሕፀን የወጣን ያህል ተላቀስን።

ሀያት የእኔ ተቃራኒ ናት። ያልላመ ነገር አትወድም። በሥራችን ቦታ ጥርስ ለሌላቸው አዛውንት ሥጋውንም፣ ካሮቱንም፣ ድንቹንም ለየብቻ እየፈጩ ሦስት ክምር አድርገው ያቀርቡላቸዋል። እኔ ሳየው ዘወር እላለሁ፤ እሷ "ውይ፣ ይኼማ የኔ ነው!" ብላ ከካሮቱና ከድንቹ በማንኪያ ታስቀምሳለች ራሷን። ቤታችን ውስጥ ሁለት መጥበሻ አለ፤ ቀዩ የእኔ፣ ጥቁሩ የእሷ። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ እንጎራረሳለን። ሥጋ የተሠራ ቀን ግን ጠረጴዛው አንድ ሆኖ ሳህኑ ሁለት ይሆናል። እንደ እናቴና እንደ እትዬ ዘሃራ መሆናችን ነው።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጠሙ። እሷ ፀሐይ ስትጠልቅ ትበላለች፣ እኔ ከሰዓት በኋላ ያገኘሁትን እበላለሁ፤ ማቀዝቀዣችን አዘነልን። ክፍል ውስጥ የምትማር አንዲት ጀርመናዊት ልጅ መጾሜን ስትሰማ "ታዲያ ለምን ትቸገሪያለሽ? ቪጋን ሥጋ ሞልቶ!" አለችኝ። ሥጋም ሆኖ ጾም መሆኑን ስሰማ ጥርሴ ቀድሞኝ ሱቅ ገባ።

መጀመሪያ ቶፉ የሚሉትን፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነገር ገዛሁ። ነጭ ነው፣ ሲያዩት አይብ ይመስላል። ጠብሼ ስነክሰው ያለ ምንም ክርክር ተስማማ። አፌ ውስጥ መግባቱን እንኳ ሳላውቀው ወረደ። ሀያት ከምሽት በኋላ ቀምሳው ዓይኗን ጨፍና "የገነት ምግብ ነው" አለች። ቀጥሎ የደረቀ የአኩሪ አተር ፍርፋሪ አመጣሁ፤ ውሃ ሲነካው የረጠበ ካርቶን ሆነ። ለዚህስ የመማሪያ ደብተሬን ብበላ ይሻለኝ ነበር። ቪጋን ቩርስቱ፣ ቋሊማቸው ማለት ነው፣ ደግሞ ሲነከስ ይንጫጫል። እኔ ትንሽ ወደድኩት፤ ሀያት ግን "ጥርሴ ላይ ጮኸብኝ" ብላ ተፋችው።

አንድ ቀን ግን አንድ ቡናማ ነገር አገኘሁ። ስሙ ከርኩሱ ስም ጋር ስለሚቀራረብ እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴ ብታነበው ታማትባለች። ስነክሰው ታገለኝ። በደንብ አድርጎ ነው የታገለኝ! "ሀያት! ሥጋ! ሥጋ አገኘሁ!" ብዬ ጮህኩ። ማሸጊያውን ገልብጣ አነበበች።

"ስንዴ ነው እኮ" አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ማስቲካ! ልጅ ሆነን የምናኝከው የስንዴ ማስቲካ ነው!"

እውነቷን ነው። እሷ ሞጣ በአባቷ እህል መደብር ውስጥ፣ እኔ ቢቸና አውድማ ዳር፣ ጥሬ ስንዴ አፋችን ሞልተን እናኝክ ነበር። ነጩ ውሃ ተውጦ ሲያልቅ የሚቀረው ያ የሚለጠጥ ነገር አገጫችን እስኪደክም አብሮን ይውላል። ጀርመኖቹ እሱን አሽገው ሥጋ ነው ብለው ይሸጣሉ። ሀያት ማንበቧን ቀጠለችና አዘነች፤ ወይን ገብቶበታል፣ ለእሷ አይሆንም። እኔ ግን ስለ እሷ መብላት ገና አላሰብኩም ነበር።

ያሰብኩት ኢድ ካለፈ በኋላ ነው። ለኢድ ሀያት ሩዙን በሥጋ ሠርታ ለእኔ የምስር ሳምቡሳ አዘጋጀችልኝ። እየበላን ወንድሟ ካለበት ከተማ ሥራና ትምህርት እንደተፈቀደላት ነገረችኝ። የፋሲካ ማግስት ትሄዳለች። የነከስኩትን ሳምቡሳ ሳህኔ ላይ መለስኩት።

"አንድ ዓመት ሙሉ አብረን ኖርን" አለች ሳህኗን እያየች። "አንድ ቀን እንኳ የበዓል ወጥ ከአንድ ድስት አልበላንም።"

ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ እሠራለሁ፤ ዶሮው ግን ማንም ያላረደው ይሆናል። ማንም ካላረደው የማንም አይደለም፤ ስለዚህ የሁለታችንም ነው። ሀያት ስትሰማ "አብደሻል? ይህን ሁሉ ቀን ጾመሽ በስንዴ ልትፈቺ?" አለችኝ። "ቅቤውና እንቁላሉ ያስፈታኛል" አልኳት። አፌ ይህን ይበል እንጂ ጥርሴ ውስጥ ውስጡን እያለቀሰ ነበር።

አሠራሩን ስልክ ላይ አየን። ዱቄት ታቦኪያለሽ፣ ሊጡን በውሃ ታጥቢያለሽ፣ የቀረው ሥጋ ነው። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። "ስንዴ እንዲህ ካደረገ ጤፍማ ምን ሊያደርግ ነው!" አልኩ እኔ የቢቸናዋ። ሀያትም "ከእህል ሁሉ በላይ አይደል!" ብላ አጸደቀችልኝ። እናቴ በሰው የላከችልኝን ማኛ ጤፍ አወጣን፣ አቦካን፣ ቧንቧው ሥር ይዘን ማጠብ ጀመርን። አጠብን፣ አጠብን። ውሃው ሲጠራ እጃችን ላይ ምንም አልነበረም። ማኛዬ ሙልጭ ብሎ በፍሳሹ ሄዷል።

ሄዶ ቢቀር ጥሩ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ፍሳሹ ተዘግቶ ቦካ፤ ማጠቢያው አረፋ አወጣ። አከራያችን ሄር ብሩንስ ረጅም ሽቦ ይዞ መጣ።

"ምን ከታችሁበት ነው?"

"ሥጋ እየሠራን ነበር" አልኩት።

"ሥጋ ይገዛል እንጂ አይሠራም።"

"ማንም ያላረደው እንዲሆን ፈልገን ነው።"

ሽቦውን ሲስበው ጭኖት የወጣው ሊጥ እጁ ላይ ተለጠፈ። "ታዲያ ሥጋው የታል?"

ሀያት በትሕትና "እርስዎ እጅ ላይ ያለው ነው" አለችው። አሸተተው። ከዚያ በውሉ ላይ ቤት ውስጥ እንስሳ ማርባት እንደማይቻል አስታወሰን። እሱ ሲወጣ መሬት ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ቅዳሜ ሹር በስንዴ ዱቄት፣ በባልዲ ውሃ፣ ውሃውንም ውጭ እየደፋን ጀመርን። ነጩ ወተት መሰለ፣ ቀጠነ፣ ጠራ። እጄ ላይ የሚለጠጥ ግራጫ ነገር ቀረ። ነካሁት፤ ተመልሶ ገፋኝ። ከዚያ ተጣላን። እኔ በደንብ ይታሽ፣ ይጠንክር አልኩ። እሷ ላላ ይበል፣ ይላም አለች። በመጨረሻ ለሁለት ከፈልነው። የእኔን እጄ እስኪዝል አሽቼ በክር ጠፍሬ ቀቀልኩት፤ የእሷን እንዲሁ ለቀቅ አድርገን ቀቀልነው። እናቴ እንዳስተማረችኝ አሥራ ሁለት ብልት አወጣሁለት፤ ስድስቱ የሚታገል፣ ስድስቱ የሚስማማ። እግሩን እግር፣ ክንፉን ክንፍ አስመሰልኩ። ለአባወራ ወይም ለክብር እንግዳ የሚቀመጠውን ፈረሰኛውን ከለስላሳው ሠራሁት።

የፋሲካ ቀን ወጡ ቅቤውን ተፍቶ ሲቀርብ ቤቱ ቢቸናን ቢቸናን ሸተተኝ። እኔ አማተብኩ፣ እሷ ቢስሚላህ አለች፣ እጃችን አንድ ትሪ ላይ ወረደ። እውነቱን ልናገር፤ ዶሮ አይደለም። ዶሮ ነው ብሎ የሚምል ካለ ዶሮ አያውቅም። ግን ቁሌቱ የእናቴ ቁሌት ነው፣ ሥጋውም ታገለኝ። ሀያት ከፈረሰኛዋ ቆርሳ ስታጎርሰኝ፣ ለስላሳውን የምጠላው እኔ ዋጥኩት። በሕይወቴ ከሙስሊም እጅ የጎረስኩት የመጀመሪያው ዶሮ ወጥ ነበርና ደስታው አስለቀሰኝ።

በዚህ መሀል እናቴ በቪዲዮ ደወለች። እንኳን አደረሰሽ ሳትለኝ ትሪውን አየችው። የሁለት ሰው እጅም አየች።

"ከሞጣዋ ልጅ ጋር ነሽ?"

"አዎ እማዬ።"

ድምጿ ቀነሰ። "ማነው ያረደው?"

"ማንም አላረደውም። ስንዴ ነው፤ አጥበን ነው የሠራነው።"

"እንኳን አደረሰዎ እትዬ" አለች ሀያት ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ። "ፈረሰኛው የደረሰው ለእኔ ነው።"

እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ስድብ ጠበቅኩ፤ ቢያንስ በፋሲካ ስንዴ የሚለውን።

"በስንት ውሃ ነው የሚታጠበው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ስንዴው ነዋ!"

"እስኪጠራ ድረስ። እማዬ፣ ጤፍ እንዳይሆን ብቻ።"

"ምን ጤፍ አመጣው፤ ሕፃን ያውቀዋል" ብላ ተነሣች። "ይኸው ዘሃራን ዘመኔን ሙሉ አጠገቤ አስቀምጬ ሽሮ ሳበላት... ቆይ፣ ስልኩን እንዳትዘጊ።" ስልኩን አንጠልጥላ ወደ ጓሮ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያየነው መሬቱን፣ የላስቲክ ጫማዋንና የአጥራችንን እግር ብቻ ነው። ያን አጥር በእጄ ለመንካት ያን ሰዓት የማልሰጠው ነገር አልነበረም። "ዘሃራ! አንቺ ዘሃራ! ነይማ፣ ስምሽን ጠርታለች ልጂቱ!" ስትል ሰማን። ስማቸውን እንኳ አልጠራሁም።

ከአጥሩ ወዲያ "አቤት፣ መጣሁ!" የሚል ድምፅ መጣ። ጥቁር ቀሚስ ጫፍ ብቅ ሲል ኔትወርኩ ተቆረጠ።

እንደገና ደወልኩ፤ አይሠራም። የሀያት ሻንጣ ተዘግቶ በር አጠገብ ቆሟል። ትሪው ላይ አንድ ብልት ቀርታለች፣ ከሚታገለው ወገን። ሀያት በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችኝ፤ እኔም እያላመጥኩ እንደገና ደወልኩ።